«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት «አልደረሰም» የሚል ሰው

ባንክ ወይም ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ፣ ግማሽ ቀን ወረፋ ጠብቃችሁ፣ መስኮቱ ጋ ስትደርሱ «ሲስተም የለም» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ጥያቄው ራሱ ያስቃል፤ ያልተባለ ማን አለ? አባባሉ «መብራት ጠፋ» ከሚለው ጋር እኩል ሆኗል። ማን እንዳጠፋው አይጠየቅም፣ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። በቃ የለም።

እኔ ግን ለስምንት ወር ያህል ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ነበርኩ። እዚያ ሆኜ ያየሁት ነገር ሲስተም ዝም ብሎ እንደማይጠፋ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ስራ ሳይጀምር፣ ስብሰባ ላይ፣ አንድ ሰው መናገር ሲገባው ዝም ያለ ቀን ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ዝምታ ነው። ዝም ካሉት መሀል አንዱ እኔ ስለነበርኩ ታሪኩን ከራሴ እጀምራለሁ።

ለመሆኑ «ሲስተም» ምንድን ነው?

አንድ ድርጅት ሲያድግ ግዢው በአንድ ኤክሴል፣ መጋዘኑ በደብተር፣ ሽያጩ በሌላ ፕሮግራም፣ ሂሳቡ በሌላ፣ ደመወዙ ደግሞ በሌላ ይያዛል። አንዱ ክፍል የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም። ሁሉንም አንድ ላይ የሚያያይዘው ትልቅ ሶፍትዌር ኢአርፒ ይባላል። ባንኮች ዘንድ ደግሞ ሂሳባችንን የሚይዘው ዋናው ሶፍትዌር ኮር ባንኪንግ ነው። የሞባይል ባንኪንጋችሁ አፕ የሚታየው ፊት ብቻ ነው፤ ከጀርባው ያለው እሱ ነው።

መንግሥት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም ካጸደቀ ወዲህ ባንኩም፣ መስሪያ ቤቱም፣ የግል ድርጅቱም ሲስተም ግዢ ላይ ነው። ዜናውን እናውቀዋለን፦ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ «በይፋ ስራ ጀመረ» ይባላል። ከሦስት ወር በኋላ ምን ላይ እንደደረሰ የሚነግረን ዜና ግን እምብዛም አናይም።

ጉዳዩ የአይቲ ሰዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ቀላል ሂሳብ ልስራ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብዙዎቹ ትልልቅ ሶፍትዌሮች ፈቃዳቸው በየዓመቱ በዶላር የሚከፈል ነው። በዓመት 100 ሺህ ዶላር የሚከፍል ድርጅት ቀድሞ 5.7 ሚሊዮን ብር ያወጣ ከነበረ ያለ ምንም ተጨማሪ አገልግሎት ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ ማውጣት ጀመረ ማለት ነው። ያ ገንዘብ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ወይ ከአገልግሎት ክፍያችን ወይ ከግብራችን ወይ ከምንገዛው ሳሙና ዋጋ ላይ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሲስተሙ ሳይሰራ ሲቀር የኪሳራው ተካፋዮች ነን።

ካርቶን ወይስ ፍሬ?

ከዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ተመርቄ ስራ ስፈልግ ያገኘሁት የመጀመሪያ ኮንትራት «ዳታ ኢንኮደር» የሚል ነበር። ድርጅቱ ሳሙና፣ ዳይፐር፣ ብስኩት የመሳሰሉ ሸቀጦችን የሚያከፋፍል ነው፤ ስሙ ይቅር። አዲስ ኢአርፒ ገዝቷል። የእኔና የሦስት ጓደኞቼ ስራ ደግሞ በደብተርና በኤክሴል ያለውን የእቃ ዝርዝር ወደ አዲሱ ሲስተም ማስገባት ነበር። ጥር ላይ ጀመርን። ሲስተሙ ስራ የሚጀምርበት ቀን፣ በሰፈሩ አጠራር «ጎ ላይቭ»፣ ሐምሌ 1 ተብሎ ነበር።

መጋዘኑን የሚመሩት ሴት ከሃያ ዓመት በላይ እዚያ የሰሩ ናቸው። ሁላችንም «እትዬ» እያልን ነው የምንጠራቸው። አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ጋ መጥተው ስክሪኑን አይተው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር የሚቆጥረው ካርቶን ነው ወይስ ፍሬ?»

«ፍሬ ነው እትዬ።»

«እኔ የሰጠኋችሁ ዝርዝር ግን በካርቶን ነው። አይተኸዋል?»

አላየሁትም ነበር። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሳየው ላብ አጠመቀኝ። አንዱ ሳሙና ካርቶኑ 24 ፍሬ ይይዛል። መጋዘን ውስጥ 300 ካርቶን አለ። እኛ ሲስተሙ ውስጥ ያስገባነው «300» ብቻ ነው፤ ሲስተሙ ደግሞ 300 ፍሬ ብሎ ነው የሚያነበው። አንድ ነጋዴ 20 ካርቶን ቢያዝ 480 ፍሬ ይሆናል። ሲስተሙ «የለም» ይላል፤ መጋዘኑ ግን እስከ ጣሪያው ሙሉ ነው። ሌላው እቃ ደግሞ በተቃራኒው ነበር፦ በፍሬ ተቆጥሮ በካርቶን የተመዘገበ፣ ሲስተሙ ላይ ተራራ የሚያክል፣ መጋዘን ውስጥ ግን እፍኝ የማይሞላ። አንዱ ሳሙና ደግሞ በሦስት የተለያየ ስም ገብቷል። ቁጭ ብዬ አጠራጣሪዎቹን በኤክሴል ለቀምኩ። ወደ አራት መቶ እቃ ሆነ።

ለቅርብ አለቃዬ ነገርኩት። «ከጎ ላይቭ በኋላ ይስተካከላል» አለኝ።

ሰኔ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የመጨረሻው ስብሰባ ተጠራ። የሻጩ ድርጅት ሰዎች ስላይድ አሳዩ፤ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው። «ዳታ ማስገባት፦ 100 በመቶ።» ውሸት አይደለም፤ ገብቷል። ትክክል ነው ወይ የሚል ሳጥን ግን ስላይዱ ላይ አልነበረም። ዋና ስራ አስኪያጁ ዙሪያውን አይተው «ችግር አለብኝ የሚል አለ?» አሉ።

ኤክሴሉ ላፕቶፔ ላይ ክፍት ነው። ሂሳብ ክፍሉ ዝም። አይቲው ዝም። የቅርብ አለቃዬ ስልኩን ያያል። እኔ የስድስት ወር ኮንትራቴ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ይታደስልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እትዬ ስብሰባው ላይ አልተጠሩም። ዝም አልኩ።

«በጣም ጥሩ» አሉ ስራ አስኪያጁ።

ሐምሌ 1 ኬክ ተቆረሰ፣ ፈንዲሻ ተበተነ። ሐምሌ 3 ከመርካቶ እቃ ሊጭኑ የመጡ አይሱዙዎች መጋዘኑ በር ላይ ተሰልፈው ቆሙ። ሲስተሙ ደረሰኝ አልቆርጥም አለ፤ በእሱ ቤት እቃ የለም። ከሰዓት በኋላ ግማሾቹ ነጋዴዎች ወደ ሌላ አከፋፋይ ሄዱ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀን ቆጠራ፣ ማታ ምዝገባ ሆነ። በመጨረሻ ያወጣን የእትዬ ደብተር ነው። በሃምሳ ብር የተገዛው ደብተር በሚሊዮኖች የተገዛውን ሲስተም አስታመመው።

የእንግሊዙ ባንክ ደብዳቤ

ያኔ ጥፋቱ የእኛ አገር ብቻ መስሎኝ ነበር። «ሀበሻ እኮ…» የምትለዋን ነገር ታውቋታላችሁ። በኋላ ሳነብ ግን ተመሳሳዩ ታሪክ እኛ ልናልመው የማንችለው በጀት ያላቸው ድርጅቶች ላይ እንደደረሰ ገባኝ።

ቲኤስቢ የተባለው የእንግሊዝ ባንክ ከሎይድስ ባንክ ተነጥሎ ሳባዴል በተባለ የስፔን ባንክ ሲገዛ ሂሳቦቹ ገና በሎይድስ ሲስተም ላይ ነበሩ። ወደ አዲስ ሲስተም መዛወር ነበረበት። መጀመሪያ ቀኑ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2017 ተባለ፤ አልደረሰም። ወዲያው ሌላ ቀን ለሕዝብ ተነገረ፦ በ2018 የመጀመሪያው ሩብ ዓመት። በኋላ የተደረገው ገለልተኛ ምርመራ የወቀሰው ይህንን ነው። መጀመሪያ ቀኑ ተወሰነ፣ ከዚያ ስራው ወደ ኋላ እየተቆጠረ በቀኑ ልክ ተሰፋ።

በሚያዝያ 2018 በአንድ የሳምንት መጨረሻ የ5.2 ሚሊዮን ደንበኞች ሂሳብ በአንድ ጊዜ ተዛወረ። ሰኞ ሲነጋ እስከ 1.9 ሚሊዮን ሰው ሂሳቡን መክፈት አልቻለም። አንዳንዱ የሌላ ሰው ሂሳብ ታየው። ሁለት የዳታ ማዕከል እያለ የጭነት ፈተናው የተደረገው በአንዱ ላይ ብቻ እንደነበረም በኋላ ታወቀ። ባንኩ 330 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከሰረ፤ ዋና ስራ አስፈጻሚው በዚያው ዓመት ለቀቁ፤ በታኅሣሥ 2022 ተቆጣጣሪዎቹ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት።

እኔን የገረመኝ ግን የኋለኛው ነው። በ2023 የባንኩ የቀድሞ የቴክኖሎጂ ኃላፊ በግላቸው ከ81 ሺህ ፓውንድ በላይ ተቀጡ። ጥፋታቸው ስርቆት አይደለም። ሲስተሙን የሚያስኬደው ድርጅት ዝግጁነቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፎላቸው ነበር፤ ደብዳቤው ግን በደንብ ሲነበብ «ተዘጋጅቻለሁ» ሳይሆን ገና «እዘጋጃለሁ» የሚል ነገር ነበረበት። እሳቸው ደግሞ እውነት ዝግጁ መሆኑን በቂ ማጣራት ሳያደርጉ ተቀበሉት። አያችሁ? የእኛው «100 በመቶ» አረንጓዴ ስላይድ ማለት ነው፣ በእንግሊዝኛ።

ያው ድርጅት፣ ያው ሶፍትዌር

«ሶፍትዌሩ መጥፎ ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ለዚህ የሚሆነኝ የአሜሪካው ቸኮሌት አምራች ኸርሺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኤስኤፒ የተባለውን ኢአርፒ ከሌሎች ሁለት ሶፍትዌሮች ጋር አንድ ላይ ለማስገባት 112 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ስራው አራት ዓመት ይፈጃል ተብሎ ነበር። የእ.ኤ.አ. 2000 የኮምፒውተር ስጋት ሳይደርስ እንለቅ ተብሎ ወደ ሁለት ዓመት ተኩል ተጨመቀ። ስራ የጀመረው ደግሞ ሐምሌ 1999 ላይ ነው፤ ሱቆች በጥቅምት መጨረሻ ለሚከበረው የሃሎዊን በዓል ከረሜላ የሚያዙበት ወቅት። እኛ ጋ ለዶሮ ነጋዴ የፋሲካ ሳምንት ቁጭ ብለህ ሂሳብ አያያዝህን ቀይር እንደማለት ነው።

ቸኮሌቱ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ትዕዛዙ ግን ወደ መኪና አልደረሰም። ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ትዕዛዝ ሳይላክ ቀረ። የሩብ ዓመቱ ትርፍ በ19 በመቶ ወረደ።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ያው ኸርሺ ያንኑ ሶፍትዌር ወደ አዲሱ እትም ሲያሻሽል ስራው ያለ እንዲህ ዓይነት ቀውስ፣ ከበጀት በታች አለቀ። ድርጅቱ ያው ነው፣ ሶፍትዌሩም ያው ነው። የተቀየረው አሰራሩ ነው፤ በቂ ጊዜ፣ በቂ ፈተና።

ስለዚያች ሌሊት ያልተጠየቀው

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም ሌሊት የሆነውን ማስታወስ አያስፈልግም፤ ያኔ ዩኒቨርሲቲ የነበረ ሁሉ የሚያወራው ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሰዎች ሂሳባቸው ላይ ከሌለ ገንዘብ በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። ባንኩ ያለ አግባብ ወጣ ያለው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን፣ ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ስራ ጋር የተያያዘ ችግር መሆኑንም ተናገረ። ብዙው ገንዘብ በሳምንታት ውስጥ ተመለሰ፤ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ እስከመለጠፍ ተደረሰ።

ያለ አግባብ የተወሰደ ገንዘብ መመለስ አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ግን የዚያን ሰሞን ቴሌግራሙንም ቲክቶኩንም አስታውሱት። ወሬው ሁሉ ስለ ተማሪዎቹ ነበር፦ ማን ስንት አወጣ፣ ማን ስልክ ገዛ፣ ማን ቤተሰብ ጋ ሸሸ። ለውጡ ወደ ሲስተሙ ከመግባቱ በፊት በምን ተፈተሸ፣ «ቆይ፣ አልደረሰም» የማለት ስልጣን የነበረው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን በእኛ ወሬ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ኤቲኤም ጋ የቆመውን ሰው ማየት ይቀላል፤ ሰርቨር ክፍል ያለውን አሰራር ማየት ይከብዳል። ትምህርቱ ያለው ግን ሁለተኛው ጋ ነው።

ሁሉም የሚያውቀውን ለምን ማንም አይናገርም?

እዚህ ላይ የተማርኩት ትንሽ ይረዳኛል። ጉዳዩን እንደ ጀግንነት ወይም እንደ ፈሪነት ካየነው አንፈታውም። ማን በምን ይከፈለዋል ብለን እንጠይቅ።

ሻጩ ብዙውን ክፍያ የሚያገኘው ሲስተሙ ስራ ሲጀምር ነው፤ ስለዚህ ቀኑ እንዲደርስለት ይፈልጋል። ስራ አስኪያጁ ለቦርዱ ቀኑን ቃል ገብቷል። የአይቲ ኃላፊው ሲስተሙን ያስመረጠው እሱ ስለሆነ ችግር ማውራት ራሱን መክሰስ ይመስለዋል። ከታች ያለው ኮንትራት ሰራተኛ ደግሞ ቢናገር ዋጋውን ብቻውን ይከፍላል፤ ጥቅሙ ግን ለሁሉም ይከፋፈላል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ዝምታ ለእያንዳንዱ ሰው ትርፋማ ነው፤ ለድርጅቱ ግን ኪሳራ።

በዚያ ላይ የወጣው ገንዘብ ይጨመራል። «እስካሁን ይህን ያህል አውጥተን እንዴት እናቆማለን?» ይባላል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ብሎ የተረተው ሕዝብ ስብሰባ ላይ ሲቀመጥ ግን ሊያፍሰው ይሞክራል። ሊድል የተባለው የጀርመን ሱፐርማርኬት ለሰባት ዓመት ገደማ የደከመበትንና የጀርመን ጋዜጦች ወደ 500 ሚሊዮን ዩሮ ፈጅቷል ያሉትን የኤስኤፒ ፕሮጀክት በ2018 ማቆሙ ለብዙዎች ውርደት መስሏል። እኔ ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው «ይብቃ» ለማለት መድፈሩ ያስቀናኛል።

የእኛው ይሉኝታ ደግሞ አለ። «ችግር ያለበት አለ?» የሚለው ጥያቄ በትልቅ ሰው አፍ፣ በሰው ፊት ሲጠየቅ መልሱ ቀድሞ ይታወቃል።

በሌላ በኩል አንድ እውነት አለ፤ እሱን ካልተናገርኩ ልክ አልሆንም። «አልደረሰም» የሚለው ቃል እኛ አገር መደበቂያም ነው። ስንት ፕሮጀክት ነው በ«አልደረሰም» አስር ዓመት የቆመው? ለመቀየር የማይፈልግ ሰው ሁሌም አልደረሰም ይላል። በደብተር ሲሰራ ከመሀል የሚጠቀም ሰውም አልደረሰም ይላል። ስለዚህ መፍትሄው ለማንም «አልደረሰም» የማለት መብት መስጠት ብቻ አይደለም። መድረሱና አለመድረሱ በአስተያየት ሳይሆን በቁጥር እንዲታወቅ ማድረግ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ከቀኑ በፊት መስፈርቱ ይጻፍ። «ከመጋዘኑ 200 እቃ በዘፈቀደ ተመርጦ ተቆጥሮ ከሲስተሙ ጋር 98 በመቶ ካልገጠመ አንጀምርም» ተብሎ ከወራት በፊት ከተፈረመ ማንም ጀግና መሆን አያስፈልገውም። «አልደረሰም» የሚለው ቁጥሩ ነው። የእኛ ድርጅት ይህን ቢያደርግ ኖሮ የካርቶኑና የፍሬው ጉዳይ በአንድ ከሰዓት ይጋለጥ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስራውን የሚሰራው ሰው ስብሰባው ላይ ይቀመጥ። እትዬ ያልተጠሩበት ስብሰባ ስለ መጋዘን መወሰን አልነበረበትም። ዳታውን ማስገባት የእኔ ቢጤ ኮንትራት ሰራተኛ ስራ ሊሆን ይችላል፤ ትክክል ነው ብሎ መፈረም ግን የባለቤቱ ስራ ነው።

ሦስተኛ፣ ሲስተሙን የድሮ ልማዳችንን እንዲመስል አድርጎ ማጣመም ይቅር። የእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት በሚያዝያ 2022 ወደ ኦራክል ሲዛወር ከአሰራሩ ጋር እንዲሄድ ብዙ ነገር አስቀየረ። በመጨረሻ የባንክ ሂሳቡን ከመዝገቡ ጋር ማስታረቅ አቅቶት ብዙ ሺህ ክፍያዎችን ሰው በእጁ እየፈለገ ሲያስተካክል ከረመ። 19 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ይፈጃል የተባለው ስራ ግምቱ ከ100 ሚሊዮን አለፈ። ምክር ቤቱ በ2023 በጀቴን ማመጣጠን አልቻልኩም ሲል ዋናው ምክንያት የሴት ሰራተኞቹ የእኩል ክፍያ ጥያቄ ቢሆንም የኦራክሉም ጉዳይ አብሮ ተጠቅሷል። መለወጥ ያለበት አሰራር ካለ ሲስተሙ ከመምጣቱ በፊት አሰራሩ ይለወጥ።

አራተኛ፣ ልምምድ። በውሸት ዳታ ሳይሆን በእውነተኛ የስራ ቀን፦ እውነተኛ ትዕዛዝ፣ እውነተኛ ደረሰኝ፣ መሀል ላይ መብራት ጠፍቶም ጭምር። ከተቻለ በአንድ ቅርንጫፍ ይጀመር፤ ሁሉም በአንድ ሌሊት አይዛወር። ወደ ኋላ መመለሻ መንገድ ይዘጋጅ፤ ቢያንስ ደብተሩ አይጣል።

አምስተኛ፣ ቀኑን ወቅቱን አይቶ መምረጥ። ብዙ ድርጅት ሐምሌ 1ን የሚመርጠው የበጀት ዓመት መጀመሪያ ስለሆነ፣ መነሻ ሂሳቡን ለማስገባት ስለሚመች ነው። ግን ያን ሰሞን ሂሳብ ክፍሉ ዓመቱን ይዘጋል፣ ቆጠራ ላይ ነው፣ ግብር ለማሳወቅ ይዘጋጃል። በጣም የደከመን ሰው አዲስ ነገር ተማር ማለት ነው። ሐምሌ 1 የግድ ከሆነ ቆጠራውና ዳታ ማጽዳቱ ግንቦት ላይ ይለቅ።

ስድስተኛ፣ የሻጩ ክፍያ ከሪባኑ ጋር አይታሰር። ጥሩ ድርሻው ሲስተሙ ሦስት ወር በትክክል ከሰራ በኋላ ይከፈል። ያኔ አረንጓዴው ስላይድ ለእሱም አያዋጣውም።

ለእናንተ፣ የመጀመሪያ ስራችሁን ለምትጀምሩ

ይህን ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ የመጀመሪያ ስራችሁ የእኔን ዓይነት ይሆናል፦ ዳታ ኢንኮደር፣ ሲስተም ሰፖርት፣ ወይም «ኪ ዩዘር» ተብላችሁ ሌላውን የምታሰለጥኑ። ከላይ ያሉት ሰዎች የማያዩትን የምታዩት እናንተ ናችሁ፤ ስክሪኑም መጋዘኑም አጠገባችሁ ነው።

በባዶ እጃችሁ ተነስታችሁ አለቃ ላይ ጩኹ አልልም። ኪራይ እንዳለባችሁ አውቃለሁ፤ እኔም ነበረብኝ። ግን በቃል የነገራችሁትን በጽሑፍ አድርጉት። «ችግር አለ» አትበሉ፤ «ከተቆጠሩት 50 እቃዎች 21ዱ ሲስተሙ ላይ ካለው ጋር አይገጥሙም፣ ዝርዝሩ ተያይዟል» በሉ። ኢሜይል ላኩ፣ ቅጂ ያዙ። ቁጥር ስትይዙ ድፍረቱ ይቀላል፤ ሰሚውም «ይሉኛል» ብሎ መፍራት ይጀምራል። ደግሞ ብቻችሁን አትሁኑ፤ ከእትዬ ጋር ሁኑ። ሃያ ዓመት የሰራ ሰው ጥያቄ ከጠየቃችሁ፣ ኮምፒውተር ስለማያውቅ ነው ብላችሁ አትለፉት።

የእኛ ታሪክ እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ። ነሐሴ ላይ ሲስተሙ ቀስ በቀስ ተስተካከለ፤ ዛሬ ይሰራል ሲሉ እሰማለሁ። ጥፋተኛ ግን መፈለግ ነበረበት። እነዚያ አይሱዙዎች በር ላይ በቆሙበት ቀን እትዬ በቃል ታዝዘው የተወሰነውን እቃ በደብተር ጽፈው አውጥተው ነበር። «ከሲስተም ውጭ እቃ በማውጣት» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው።

ቢሮ ተጠርተው ሲፈርሙ እኔ የቆጠራውን ወረቀት ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበቡ፣ ፈረሙ። ሲወጡ ትከሻዬን መታ አደረጉኝና «ካርቶን ወይስ ፍሬ ብዬ ጠይቄህ አልነበር?» አሉኝ።

ያን ቀንም ዝም ነው ያልኩት። ኤክሴሉ ግን እስካሁን ላፕቶፔ ላይ አለ።